በሻንጣዬ የያዝኩት ጥጥ

መስከረም ላይ ነው ከፍራንክፈርት ድሬዳዋ የገባሁት። ሻንጣዬ ውስጥ ለልጆቹ ቸኮላት፣ ለአማቴ ጫማ ይዣለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ጫፋቸው ጥጥ የሆኑ፣ አንድ በአንድ የታሸጉ ቀጫጭን እንጨቶች ነበሩ። እነሱ ባይሆኑ ባለቤቴን ሆስፒታል ትቼ አልመጣም።

የደም ካንሰር እንዳለበት ካወቅን አራት ወር ሆኖናል። ለቤተሰቡ ትንፍሽ አላልንም። በስልክ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ጸጉሩ ሲረግፍ በቪዲዮ መደወል አቆመ። ስደት ላይ ይህን ለምደነዋል፤ ብሩን እንልካለን፣ ሕመሙን እናስቀራለን። የካንሰር መድኃኒቱ ኪሞ በሽታውን ቢያስታግሰውም ሐኪሞቹ ተመልሶ እንዳይመጣ ሰጉ። የስቴም ሴል፣ ማለትም መቅኔ ውስጥ ሆነው ደም የሚሠሩ ሴሎች፣ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል አሉ። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈለገው የእናትና የአባት ልጅ ነው። መደበቅ እዚያ ላይ አበቃ።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ተቀምጠን ነገርኳቸው። የቀረበልንን የሮቃ ጭማቂ ማንም አልነካውም። አማቴ ብዙ ቆይተው «አራት ወር ሙሉ ለሥራው ነው ስጸልይ የከረምኩት?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ትንሹ ወንድሙ መቅኔ ሲባል አጥንት የሚቦረቦር መሰለው። «አቦ፣ ዛሬውኑ ይቦርቡሩኝ!» አለ። ጥጡን ጉንጭ ውስጥ ማሸት ብቻ እንደሆነ አሳየሁት። አንድ ወንድም ወይም እህት ከወላጅ በሚወረሰው የሕብረ ሕዋስ ዓይነት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እናት ግማሽ ነው የምትገጥመው፤ ሙሉ ከጠፋ ግን ግማሹም ያገለግላል። አማቴም ጥጣቸውን ተቀበሉ።

የሚገጥመው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጋል፣ ሴሎቹ ከአጥንት ወደ ደም ይወጣሉ። ከዚያ ደሙ በማሽን ያልፋል፤ ስቴም ሴሉ ተለይቶ ይቀራል፣ ሌላው ወደ ሰውነቱ ይመለሳል።

አንድ ከባድ ነገር ግን ነበር፤ እሱንም አልደበቅኩም። ከንቅለ ተከላው በፊት በሚሰጠው ኃይለኛ ኪሞ የባለቤቴ መቅኔ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር እሱን ማትረፍ በጣም ይከብዳል። እስከዚያ እምቢ ማለት መብት ነው፣ ማንም አይቀየምም። ይህን ስናገር ዓይኔ ከታናሽ እህቱ ላይ አልተነሳም። ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ ትፈራለች።

ፍራንክፈርት ከተመለስኩ በኋላ ውጤቱ መጣ። የገጠመችው እሷ ናት።

አሁን እሱ ጥርሱን፣ ልቡንና ሳንባውን እየተመረመረ ነው። እሷ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ይዛ ቪዛ ትጠብቃለች። በሕብረ ሕዋስ ብትገጥምም የደም ዓይነቷ ከእሱ ይለያል። መቅኔዋ ከያዘለት የእሱም የደም ዓይነት ወደ እሷ ይቀየራል። አማቴ ይህን ስነግራቸው አለቀሱ።

ትናንት እህቱ እዚያው ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ደወለች። በዚያ ሙቀት የብርድ ጃኬት እየለካች ነው።

«መርፌውስ?» አልኳት።

«እሱን ተይው። ለወንድሜም ጃኬት ልገዛለት ነው። አሁን ስንት ቁጥር ይለብሳል?»

በጣም ከስቷል። ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት። ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ካሜራውን ከፈተላት።