ስትርቶክ "ፍ"ን በላብኝ

እናቴ ያለችበት እድር ጸሐፊ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ላፕቶፕ ገዝተው የአባላቱን መዝገብ ከደብተር ወደ ፋይል አንድ በአንድ በራሳቸው ጣት የገለበጡ ሰው ናቸው። አንድ እሁድ ቤት መጥተው ቡና እየጠጣን "አንተ ኮምፒውተር አይደል የምትማረው፣ እስቲ የዚህን ወር ያልከፈለውን ብቻ ለይቶ የሚያወጣልኝ ነገር ስራልኝ" አሉኝ። ኤክሴል ላይ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያኔ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርኩ ስለነበር አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ የትም ይዤው መሄድ ነበር የምፈልገው።

ፋይሉ እያንዳንዱ መስመር ላይ ስም፣ ስልክ፣ የከፈሉበት ወር፣ ብር እያለ ነው የሚሄደው። መስመሩን ሰረዙ ጋ መቆራረጥ ነው እንግዲህ፣ ቁራጮቹ ቶክን ይባላሉ። ሲ ውስጥ ለዚህ ስትርቶክ (strtok) የሚባል ዝግጁ ፈንክሽን አለ፣ መጀመሪያ ስትሪንጉን (ጽሑፉን ማለት ነው) እና የሚቆረጥበትን መለያ ትሰጠዋለህ የመጀመሪያውን ቁራጭ ይሰጥሃል፣ ከዛ በስትሪንጉ ፋንታ ነል (ምንም የለም ማለት ነው) እየሰጠኸው በሉፕ፣ ማለትም እየደጋገምክ፣ ትጠራዋለህ፣ ሲያልቅበት እሱም ነል ይመልስልሃል። በቃ ይሄው ነው አልኩ።

ለሙከራ ያው እንደማንኛውም ሰው "አበበ በሶ በላ" ብዬ ጀመርኩ፣ መለያው ስፔስ። ኮምፓይል ሆነ፣ ሳስነሳው ሴግሜንቴሽን ፎልት፣ ማለትም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ሉፑ ላይ አፈጠጥኩ፣ ሉፑ ምንም የለበትም። ነገሩ ስትርቶክ ቁራጭ ኮፒ አድርጎ አይሰጥህም፣ ራሱ ስትሪንግህ ላይ መለያው የነበረበት ቦታ ላይ ዜሮ ባይት (ስትሪንጉ እዚህ አለቀ የሚል ምልክት) ይጽፍና ፖይንተር፣ ማለትም ቁራጩ ሜሞሪ ላይ ያለበትን አድራሻ፣ ነው የሚሰጥህ። እኔ ደግሞ ስትሪንጉን በፖይንተር ነበር የያዝኩት፣ እንደዛ የተያዘ ሊትራል (ኮዱ ውስጥ በጥቅስ የተጻፈ ስትሪንግ) አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው የማይጻፍበት ሜሞሪ ላይ ነው። ፖይንተሩን የራሱ የሚጻፍበት ቦታ ወዳለው አሬይ ስቀይረው ሶስቱም ቃል ቁጭ አለ። ከዛ ወዲህ ዋናውን ስትሪንግ በኋላ የምፈልገው ከሆነ ቀድሜ ኮፒ ሳላደርግ ስትርቶክ አልነካም።

ከዛ የጋሼን ፋይል ሙሉውን ወደ ሜሞሪ አነበብኩና በስትርቶክ በመስመር ቆረጥኩ፣ እዛው ሉፕ ውስጥ እያንዳንዱን መስመር እንደገና በስትርቶክ በሰረዝ ልቆርጥ። አንድ ሰው ብቻ አውጥቶ ቆመ። ስትርቶክ የት እንደደረሰ የሚያስታውሰው በውስጡ ባለች አንዲት ስታቲክ (በጥሪዎች መሀል የማትጠፋ) ፖይንተር ነው፣ የውስጡ ሉፕ አዲስ ስትሪንግ ሲሰጠው የውጪውን ይረሳዋል። ለዚህ ፖሲክስ በሚባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ ላይ ስትርቶክ_አር አለ፣ ቦታውን የምትይዝለትን ፖይንተር አንተው ታቀብለዋለህ፣ የማይክሮሶፍቱ ስትርቶክ_ኤስም በዛው መንገድ ነው የሚሰራው። እኔ ግን ቀላሉን መረጥኩ፣ መስመሩን በኤፍጌትኤስ አንድ በአንድ ማንበብ፣ መጨረሻ ላይ የሚያስቀረውን የመስመር ምልክት ቆርጦ መጣል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ከላይ እንዳያችሁት አንዱ ሰው ወጣ አልኩ እንጂ እንዴት ሆኖ እንደወጣ አልነገርኳችሁም። ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ጥቋቁር ሳጥኖች ብቻ ናቸው የተደረደሩት። ጋሼ በአማርኛ ኪቦርድ ስለጻፉ መለያቸው የፈረንጁ ኮማ አይደለም፣ የኛው ነጠላ ሰረዝ "፣" ነች፣ እኔም ለስትርቶክ "፣" ብዬ ነው የሰጠሁት። እንደገና አበበን ጠራሁት፣ "አበበ፣በሶ፣በላ" ብዬ ሰጠሁት፣ 3 ቶክን ስጠብቅ 7 መጣ። 7 ደግሞ የፊደሎቹ ብዛት ነው! እዚህ ጋ ነው መብራት የበራልኝ።

ባይቶቹን በቁጥር አሳተምኳቸው። መጀመሪያ -31፣ -115 ምናምን የሚል ኔጌቲቭ ነበር የመጣው፣ ቻር የሚባለው ታይፕ እኔ ማሽን ላይ ሳይንድ (ኔጌቲቭም የሚይዝ) ስለሆነ ነው፣ አንሳይንድ ሳደርገው ተስተካከለ። ፋይሉ የተጻፈው ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 በሚባል ስርዓት ነው፣ በሱ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው። "፣" ማለት 225፣ 141፣ 163 ናት። "አ" ደግሞ 225፣ 138፣ 160፣ "በ" 225፣ 137፣ 160። አያችሁት? ሁሉም በ225 ነው የሚጀምሩት። ስትርቶክ ደግሞ ሁለተኛውን ስትሪንግ እንደ አንድ መለያ አያየውም፣ እያንዳንዱ ባይት ለየብቻው መለያ ነው ብሎ ነው የሚወስደው። ስለዚህ 225 ባየ ቁጥር ይቆርጣል፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል ጋ አናቱን እየቀነጠሰ የተረፈውን 2 ባይት ቶክን ነው ብሎ ይሰጥሃል። "ባ" የባሰባት ነች፣ መጨረሻዋ 163 ስለሆነ አንድ ባይት ብቻ ነው የሚተርፋት። ከሁሉም ያሳቀኝ ግን "ፍ" ነው፣ 225፣ 141፣ 141፣ ሶስቱም ባይት መለያው ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ደብዛው ይጠፋል፣ ስሙ በፍ የሚጀምር የእድሩ አባል ሁሉ የመጀመሪያ ፊደሉን ሳጥን እንኳን ሳይቀርለት ተበላ።

በስንፍና መጀመሪያ ያደረግኩት ኤዲተር ላይ "፣"ን በሙሉ በፈረንጁ ኮማ መቀየር ነበር፣ ሰራም፣ ያልከፈሉትን አውጥቼ ለእናቴ አሳየኋት። እሷ ዝርዝሩን አየት አድርጋ "እነዚህ እትዬዎች እኮ አንድም ወር ያለፋቸው ሴቶች አይደሉም" አለችኝ። ፋይሉን ሳየው ሴቶቹ ስልክ የላቸውም፣ ጋሼ ስልኩ ጋ ባዶ ትተው ሁለት ሰረዝ አከታትለዋል። ስትርቶክ ደግሞ የተከታተሉ መለያዎችን እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው፣ ባዶ ቶክን የሚባል ነገር አያውቅም፣ ስለዚህ ወሩ ስልክ ሆነ ብሩ ወር ሆነ። ቃላት በስፔስ ስትቆርጥ ይሄ ጸባዩ ጥሩ ነው፣ መዝገብ ስትቆርጥ ግን የሰው ስም ያጠፋል።

ስትርሴፕ የሚባል ከቢኤስዲ (ከዩኒክስ ዝርያዎች አንዱ) የመጣ ፈንክሽን አለ፣ እሱ ባዶውን ቦታ ይጠብቅልሃል፣ ግን የሲ ስታንዳርድ ውስጥ የለም፣ መለያውንም ያው ባይት በባይት ነው የሚያየው። ደብሊውሲኤስቶክ የሚባለው ደግሞ ፊደሉን እንደ ፊደል ያያል ግን ባዶውን ይውጠዋል። ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ፣ ከአስር መስመር አይበልጥም። አሁን ያለሁበትን ፖይንተር ይዤ ከዛ ጀምሮ ስትሪንግ ውስጥ ስትሪንግ በሚፈልገው ስትርስትር "፣"ን ሙሉዋን እፈልጋለሁ፣ ካገኘሁ የመጀመሪያዋ ባይት ላይ ዜሮ እጽፍና ፖይንተሩን የመለያዋን ርዝመት ያህል፣ ማለትም 3፣ አሳልፈዋለሁ፣ ካላገኘሁ የቀረው በሙሉ የመጨረሻው ቶክን ነው፣ ፖይንተሩን ነል አደርገዋለሁ። ርዝመቱን በስትርሌን ነው የማገኘው እንጂ 3 ብዬ አልጻፍኩትም፣ ኮማም ብትሰጠው ይሰራል። ሶርስ ኮዱ ራሱ ግን በዩቲኤፍ 8 ሴቭ መደረግ አለበት።

ስትርስትር ፊደል መሀል ላይ ገብቶ ቢሳሳትስ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን አይችልም። ዩቲኤፍ 8ን በ1992 ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ሲሰሩት ፊደል የሚጀምር ባይት በፍጹም የሌላ ፊደል መሀል ወይ መጨረሻ እንዳይሆን አድርገው ነው፣ ስለዚህ ሶስቱ ባይት በተርታ ከተገኙ ነጠላ ሰረዝ ራሷ ነች። ቶምሰን ዩኒክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጀመረው ሰውዬ ነው፣ የኛ እድር የሱ ባለዕዳ ነው።

ከዛ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ የዝርዝሩ የመጀመሪያው ሰው በስሙ ስፈልገው አይገኝም። ኖትፓድ ፋይሉ አናት ላይ የማይታዩ 3 ባይቶች፣ 239፣ 187፣ 191 አስቀምጦ ነበር፣ ስሙ ላይ ተጣብቀው ነው። ካሉ ዝለላቸው የሚል አንድ ኢፍ ጨመርኩ።

ለጋሼ አስነስቼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ስም በስም ከደብተሩ ጋር አመሳከሩት፣ ልክ ነው። ከዛ እናቴ ሰረዙ እንዳስቸገረኝ ነግራቸው ኖሮ "ልጄ፣ በሌላ ነገር ልለየው እንዴ፣ ችግር የለም እኮ" አሉኝ። አይ ጋሼ፣ እንደለመዱት ይጻፉት አልኳቸው።