አምስት ዓሣ የቀበርኩበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው በጊዜው አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አምስት ዓሦቼ ስለሚተርፉ ነው።

አኳሪየሙን ማዘጋጀት ቀላል ነበር። 120 ሊትር የሚይዝ መስታወት፣ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ፣ በደንብ የታጠበ ጠጠር፣ የአየር ፓምፕ፣ ስፖንጅ ፊልተር፣ ስምንት ጎልድፊሽ። ሻጩ ማሞቂያም ግዢ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ የሚስማማው ዓሣ ነው፣ የአዲስ አበባ ቤት ይበቃዋል። በዚህ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም። ሰባት ወር በሰላም ኖሩ። ልጄ ጭንቅላቷ ነጭ የሆነችውን ትልቋን «ሻሼ» ብላ ሰየመቻት።

የኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ያን ሰሞን ጭራሽ ዘጠኝ ቀን ጠፋ። ቅዳሜ ማታ «ውሃ መጣ!» ሲባል ሰው ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ተሯሯጠ። እኔ ደግሞ ሮቶው ከሞላ በኋላ አኳሪየሙን አንድ ጊዜ ልክ ላስገባው ብዬ ተነሳሁ። ሻጩም «በወር አንዴ ሙሉ በሙሉ እጠቢው» ይለኝ ነበር። ስፖንጁ አተላ የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ ተሸክሟል። ቧንቧ ስር ይዤ ደጋግሜ ጨመቅኩት። አልጠራ ሲለኝ በረኪና ባለበት ውሃ ዘፈዘፍኩትና አለቀለቅኩት። ጠጠሩንም አጠብኩ። ውሃውን በሙሉ ደፍቼ በአዲስ ሞላሁ። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ዓሣ የሚጎዳ ክሎር እንዳለ አውቅ ነበርና ዓሦቹን በባልዲ አቆይቼ አዲሱን ውሃ አንድ ቀን ሙሉ በፓምፑ አናፈስኩት። በዚያ ልክ ተጠንቅቄ ዋናውን ነገር መሳቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እሑድ ማታ ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ቀሰቀሰችኝ። «እማዬ፣ ሻሼ አፏን ከውሃው አውጥታ ነው የምትተነፍሰው።» ሄጄ አየሁ። ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ክንፎቻቸው ከሰውነታቸው ጋር ተጣብቀዋል። የሁለቱ ጅራት ላይ እንደ ቀጭን ክር ያለ ደም የመሰለ መስመር ይታያል።

ፎቶ አንስቼ ለሻጩ አሳየሁት። ለአፍታ እንኳ ሳያስብ «ፈንገስ ነው እህቴ» አለኝና ሰማያዊ መድኃኒት ሸጠልኝ። ውሃውን ስለመመርመር አንድ ቃል አልተናገረም። በቅርቡ ምን እንዳደረግኩም አልጠየቀኝም። ረቡዕ ሁለት ሞቱ። ስደውልለት «እንግዲያው ባክቴሪያ ነው፣ ቴትራሳይክሊን ጨምሪበት» አለ። ገዝቼ ካፕሱሉን እየከፈትኩ በተንኩት። ውሃው ቡናማ ሆነ፣ አረፋም ያዘ። ሐሙስ አንድ፣ አርብ ሁለት ሞቱ። ልጄ ግቢው ውስጥ ካለችው ጽድ ሥር ቀበረቻቸው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሌላ ምን መድኃኒት አለ እያልኩ ስልኬን እጎረጉራለሁ።

አርብ ማታ የአክስቴ ልጅ መጣ። ዱባይ ሲሠራ አኳሪየም ነበረው፣ የውሃ መመርመሪያ ጠብታም ይዞ ነው የተመለሰው። ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀዳ፣ ጠብታውን ጨመረ፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ቢጫ መሆን የነበረበት ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። አሞኒያ፣ በሊትር 4 ሚሊግራም። መሆን ያለበት ዜሮ ነው። «በሽታ የለባቸውም፣ በውሃው ተመርዘው ነው» አለ።

ዓሣ በመተንፈሻ ስንጥቡም በኩሱም አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያው ቀለም የለውም፤ የጠራ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። ያን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት። ቤታቸው ያ ቆሻሻ ብዬ በበረኪና ያጠብኩት ቡናማ ስፖንጅና ጠጠሩ ነበር። ጨረስኳቸው። እንደገና እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የተረፉ ካሉ ደግሞ ሰማያዊው መድኃኒትና ቴትራሳይክሊኑ ተጨመሩባቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ግማሹን ውሃ ክሎሩ በወጣለት ውሃ ቀየርኩ። ሦስት ቀን ምንም ምግብ አልሰጠሁም፣ ከዚያ ቁንጥር ብቻ። የአክስቴ ልጅ ከራሱ ፊልተር የጨመቀውን ዝቃጭ በላስቲክ አምጥቶ ጨመረልኝ፤ ከመድኃኒቱ ሁሉ የጠቀመው እሱ ነው። ቀጥሎ ናይትራይት ሲወጣ በሊትር 1 ግራም ጨው አሟሙቼ አስገባሁ። ናይትራይት ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ጨው ደግሞ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ያግደዋል። «አዮዲን ያለው ጨው ይገድላል» የሚሉ ሞልተዋል። እኔ የወጥ ቤቴን ጨው ነው የተጠቀምኩት። በውስጡ ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ነው፣ አንዱም አልተጎዳም።

በሦስተኛው ሳምንት ሻሼ ጎን ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ። ደነገጥኩ፤ እጄ እንደገና ወደ መድኃኒቱ ሄደ። የአክስቴ ልጅ ነው የያዘኝ። የተቃጠለው ቆዳ ሲድን እንዲህ ይጠቁራል፣ እያደር ይጠፋል አለ። በወሩ ጠፋ።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ቁርጥ ያለ ነው። ዓሣ ከመግዛትሽ በፊት መመርመሪያውን ግዢ። እዚህ ካጣሽ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስልኪ፣ ከቸኮሌት ይልቅ እሱ ይምጣ። ሳትለኪ አንዲት ጠብታ መድኃኒት አትጨምሪ። በእርግጥ በሰውነታቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ካየሽ ያ እውነተኛ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፣ መታከም አለበት። መድኃኒቱ የሚገድለው ተሕዋሱ ከዓሣው ለቆ በውሃው ሲዋኝ ብቻ ስለሆነ ነጠብጣቡ ጠፋ ብለሽ በመሃል እንዳታቆሚ። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ መልሺው፤ ቡናማ ሆኖ ይቆይ። በደህና ጊዜ በሳምንት ከሩብ እስከ ሲሶ ውሃ መቀየር ይበቃል።

ሌላም አለ። የውጭ መመሪያዎች በዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ሲሉ ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ከሚሉት ቀንሺ። ለ120 ሊትር ስምንት ጎልድፊሽ መጀመሪያውኑ ብዙ ነበር፤ ያን የሸጠልኝም ያው ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል፣ በስፖንጁ ያሉት ባክቴሪያዎችም አየር ያጣሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አለኝ፣ እሱን አስነሳለሁ። ባትሪው ካለቀ በኩባያ እየቀዳሁ ከላይ አፈሳለሁ፣ በየአሥር ደቂቃው፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሻጩ ጋ ተመልሼ የሆነውን ነግሬዋለሁ። «ዓሣ እንዲሁ ነው እህቴ፣ ይሞታል» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። የቀሩት ሦስቱ ናቸው፣ ሌላ አልጨመርኩም። እሑድ እሑድ ጠብታውን የምትጨምረው ልጄ ናት።