ዘይት የፈሰሰ ቀን

ባለፈው የበዓል ዋዜማ የዶሮ ወጡን ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለሁ ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ የዘይት ጀሪካን ከመደርደሪያው ጫፍ ወድቆ በወጥ ቤቴ ሴራሚክ ላይ ፈሰሰ። እኔም ሳላመነታ መወልወያውን ከበረንዳ አምጥቼ ባልዲ ውስጥ ነከርኩና መወልወል ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ይዞ የነበረው ዘይት ስስ ሆኖ እስከ ሳሎኑ በር ተዳረሰ፤ የመወልወያው ክሮችም ዘይቱን ጠጥተው ውኃ አልቀበል አሉ። ወንፊት ልትዋስ የመጣችው ጎረቤቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ዘይት በውኃ ይለቃል እንዴ? ይልቅ ዱቄት አምጪ!» አለችኝ።

ዘይትና ውኃ ስለማይዋሃዱ አስቀድሞ ዘይቱን የሚመጥ ደረቅ ነገር ያስፈልጋል፤ በጋራዦች ወለል ላይ ሰጋቱራ የሚበተነውም ለዚሁ ነው። ዱቄቱን ነስንሰን ጥቂት ከታገስን በኋላ እንደ ሊጥ የተያያዘውን በካርቶን ቁራጭ ዝቀን ጣልነው። ከዚያ ወለሉን ላርጎ በገባበት ሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ አሸነው። መወልወያ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም አዲስ።

ይህን ካየሁ ወዲህ በመሥሪያ ቤታችን የሚደረገውንም ልብ ማለት ጀመርኩ። ጠዋት ደረጃው የተወለወለበት ውኃ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ በዚያው ባልዲ ኮሪደሩ ላይ ይዞራል፤ ወለሉም ሲደርቅ ግራጫ ዝንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የጽዳት ሠራተኞቹን መውቀስ አይገባም። ሆኖም ያንኑ ውኃ ለሁለት ባልዲ ከፍሎ በአንዱ ሳሙናውን መያዝ፣ በሌላው ደግሞ መወልወያውን ማለቅለቅ ተጨማሪ ውኃ ሳይጠይቅ ቆሻሻው ተመልሶ ወለሉ ላይ እንዳይቀባ ያደርጋል። መወልወያው ጠብ እስከማይል ቢጨመቅ ደግሞ ወለሉ ቶሎ ይደርቃል። አንዲት ባልደረባዬም ውኃ ባቆረ ደረጃ ላይ ወድቃ ነበር፤ ቢጫው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ነበር። መተላለፊያው ላይ አንድ ወንበር ቢቆም እንኳ ይበቃ ነበር።

በረኪናን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ወተትም ሆነ ትውከት ሲፈስ በረኪናውን በላዩ መድፋት ከንቱ ድካም ነው፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን ስለሚያዳክመው መጀመሪያ ተጠርጎ መነሣት አለበት። የበረኪናው ጥንካሬ 5 በመቶ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትሩን በ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ማቅጠን በቂ ነው፤ ሙቅ ውኃ ኃይሉን ያዳክመዋል። አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳልና። ሽታው የበረታ ሁሉ የሚያጸዳ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቅልቅል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲያዘጋጁ አይቻለሁ።

አዲሱን መወልወያ ከሥራ በኋላ አለቅልቄ ክሩን ወደ ላይ አድርጌ ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ፤ ባልዲ ውስጥ እርጥቡን ያደረ መወልወያ በማግስቱ ቤቱን በሙሉ ያገማዋልና። ዘይት የጠጣውን አሮጌውን ግን በፈላ ውኃና በኦሞ ሦስት ጊዜ ባጥበውም አልለቅ ስላለ ክሮቹን ቆርጬ ጥዬ እጀታውን የሸረሪት ድር ማውረጃ አድርጌዋለሁ።