ስፕሪስ በሆንግ ኮንግ

ዛሬ ጠዋት ሆንግ ኮንግ ላይ ስፕሪስ ጠጣሁ። እዚህ ዩንየንግ ይሉታል እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ቡናና ሻይ ተቀላቅሎ። የነሱ ላይ ግን የቆርቆሮ ወተት ይገባበታል።

ቤቱ ቻ ቻን ቴንግ የሚባለው ዓይነት ሻይና ምግብ ቤት ነው። ጠባብ፣ ጫጫታ የበዛበት። ቦታ ስላልነበረ አስተናጋጇ ከማላውቃቸው ሽማግሌ ጠረጴዛ አስቀመጠችኝ። እዚህ ያለ ነው። ሽማግሌው መኮሮኒ ይበላሉ። በሾርባ፣ ከላዩ ካም ጣል ተደርጎበት። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት!

ከተቀመጥኩበት ሻይ አፍይው ይታየኛል። ሻዩን ከፍ አድርጎ በረጅም የጨርቅ ማጥለያ ያንቆረቁረዋል። ደግሞ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያንቆረቁረዋል። ጨርቁ ሻይ ጠጥቶ ጠጥቶ ቡኒ ሆኗል። የሴት ስቶኪንግ ስለሚመስል ሻዩንም «የሐር ስቶኪንግ ሻይ» ይሉታል። አሠራሩ በ2017 እ.ኤ.አ. በከተማዋ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ይገባዋልም።

ሻይ በወተት የእንግሊዞች ልማድ ነው። ቻይናን በኦፒየም ጦርነት አሸንፈው የሆንግ ኮንግን ደሴት በ1842 እ.ኤ.አ. ወሰዱ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. መለሱ። የፈረንጅ ምግብ ቤት ግን ለተራው ሰው ኪስ አይቀመስም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነዚህ ርካሽ ቤቶች የተበራከቱት ለዚህ ነው። የፈረንጁን ምግብ በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ጣዕም፣ በአቅማቸው ሠሩት። ልቤን የነካው ይሄ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ የተገናኙበት ከተማ ሲባል ሁሉም ወደ ፎቆቹ ያንጋጥጣል። ፎቆቹ ያምራሉ። ለኔ ግን መገናኘቱ ያለው እዚህ፣ ሽማግሌው ሳህን ውስጥ ነው።

ደግሞ እሳቸው የፈረንጅ ምግብ እየበላሁ ነው ብለው የሚያስቡ አይመስለኝም። ቁርሳቸው ነው። እኔስ አዲስ አበባ ማኪያቶ ሳዝ ጣሊያን መቼ ትዝ ብሎኝ ያውቃል?

ዩንየንግ የዳክዬ ስም ነው። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይመሳሰሉም፤ ቻይናዎች ግን የባልና ሚስት ፍቅር ምሳሌ ያደርጓቸዋል። የኛ ስፕሪስ ብርጭቆው ላይ ሁለቱ ቀለም ለየብቻ ይታያል። የዚህኛው አንድ ቀለም ነው። ሻዩ የቱ ጋ አልቆ ቡናው የቱ ጋ እንደሚጀምር በምላሴ ልለየው ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ሽማግሌው ጋዜጣቸውን አጥፈው፣ በአንገታቸው ሰላም ብለውኝ ሄዱ። እኔ አንድ ደገምኩ።