ቤት ስንቀይር የተሰበረብንን ዕቃ እንዴት እንዳስጠገንኩ

እናቴ «በሐምሌ ዕቃ አይጫንም» ብላኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው ስለፈለጉት የሰጡን ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። የምንሄደውም ከአረብ ሰፈር ወደ አቶቴ፣ እዚያው ሐዋሳ ውስጥ ስለሆነ ብዙም አላስጨነቀኝም። በደላላ በኩል አይሱዙ ከነጫኞቹ በ5,000 ብር ተስማማን። 1,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክኩ፤ ሾፌሩም ጠዋት 1 ሰዓት በር ላይ እገኛለሁ አለኝ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን አልጋውን ፈታን፣ የብርጭቆ ካርቶኖቹን አሰርን፣ ፍሪጁን ነቅለን አደረቅን። 2 ሰዓት ላይ ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ እህቴ» አለኝ። 4 ሰዓት ላይ ጎማ እየቀየረ ነበር። ከ5 ሰዓት በኋላ ስልኩ መነሣት አቆመ። ባለቤቴ ሌላ መኪና እንፈልግ ሲል እኔ ነኝ ያስቆምኩት፤ ቀብዱ ይበላብናል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ፍራቻ ሙሉ ቀን ተቀመጥን።

ስለ ቀብድ በኋላ የነገሩን ጎረቤታችን ጠበቃ ናቸው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል፤ ቁጥር 1885 ደግሞ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። ችግሩ ሾፌሩ «አልመጣም» አላለም፤ «እየመጣሁ ነው» ነው የሚለው። ሰዓቱን በጽሑፍ ብናስቀምጥና ካለፈ ውሉ እንደፈረሰ ይቆጠራል ብንባባል ኖሮ ገና በ3 ሰዓት ሌላ መኪና እጠራ ነበር። እኛ የተነጋገርነው በአፍ ነው።

መኪናው 8 ሰዓት ላይ መጣ። ካሶኒው ውስጥ እርጥብ አሸዋ ተበትኖ ስላየሁ ጠዋቱን የት እንደነበረ ለመጠየቅ አልተቸገርኩም። «አንድ ጭነት ነበረብኝ» አለ። ከታቦር ተራራ በላይ ደመናው ጠቁሯል፤ ጫኞቹም ቸኩለዋል። እኔ ብርድ ልብስና አሮጌ አንሶላ ለመጠቅለያ አዘጋጅቼ ነበር። «በኋላ በላዩ እናደርገዋለን» እያሉ ዕቃውን እንዳለ ወረወሩት። አሸዋውን እንጥረግ ስል መጥረጊያውን እስካመጣ ድረስ የእናቴ የዋንዛ ቡፌ ተጭኖ ነበር። በላዩ ሶፋ፣ ከሶፋው በላይ ምጣድና ወንበር። ፍሪጁንም በጎኑ አስተኙት።

የዘገየ ሰው ቸኩሎ ነው የሚሠራው፤ የእኔን ዕቃ የሰበረው ያ ችኮላ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ቢመጡ ኖሮ እነዚያው ልጆች፣ በዚያው መኪና፣ ቡፌውን ጠቅልለው ይጭኑት ነበር ብዬ እስካሁን አምናለሁ። ክፉ ልጆች አልነበሩም።

አቶቴ ሳንደርስ ዝናቡ ጣለ። ሸራ የለም። ኮብልስቶኑ ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ ከኋላ አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ከፊት ወንበር ሰማሁት።

በር ላይ ስንደርስ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች «እዚህ የምናወርደው እኛ ነን» ብለው ከበቡን፤ 2,500 ብር ጠይቀው በ1,500 ተስማማን። ይህ ወጪ በሐሳቤ አልነበረም። ከወጪው ይልቅ የጎዳኝ ግን ተጠያቂው ሁለት መሆኑ ነው። ቡፌው ሲወርድ አንዱ እግሩ ከሥሩ ተገንጥሏል፣ የግራ በሩ መስታወት ረግፏል። ሾፌሩ «ያወረዱት ናቸው የሰበሩት» ሲል እነሱ ደግሞ «ተሰብሮ ነው የመጣው» አሉ።

የገላገለን ባለቤቴ ነው። ካሶኒው ላይ ወጥቶ ሶፋው ከነበረበት ቦታ የተገነጠለውን እግር አነሣው። ስብራቱ አዲስ ነው፤ የዋንዛው ውስጥ ቀላ ብሎ ይታያል፣ በስንጥሩ መሃል አሸዋ ገብቶ ተጣብቋል። መሬት ላይ ቢሰበር እዚያ ሊገኝ አይችልም። እኔም ጠዋት መኪናውን ስጠብቅ ለእህቴ ልልክላት ያነሣኋቸው ፎቶዎች ነበሩኝ፤ ቡፌው ከነመስታወቱ፣ ከነአራት እግሩ ቆሟል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳሳየው ሾፌሩ ድምፁን ቀነሰ።

ቀሪው 4,000 ብር ገና እጄ ላይ ነበር። «ሂሳቤን ስጪኝና ነገ እንነጋገራለን» አለ። ወንድሜ፣ አልኩት፣ የመኪናህን ልፋት አልክድህም፤ 2,000 አሁን ውሰድ፣ 2,000 አናጢ ዋጋውን እስኪነግረን እኔ ጋ ይቆይ። ጮኸ፣ ደላላውን ጠራ። ደላላው ፎቶውን ካየ በኋላ እሱን ወደ ጎን ወስዶ አነጋገረውና ተስማሙ። ሙሉውን ከፍዬ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ስልኬን የሚያነሣልኝ እንደማይኖር ጠዋት ራሱ አሳይቶኛል።

በነጋታው አናጢ አመጣሁ። ጣቱን ቡፌው ላይ አሳርፎ «ይሄ ይድናል» አለኝ። ዋንዛ ስለሆነ በጥላ ቀስ ብሎ ከደረቀ በኋላ እግሩ በኮላና በእንጨት ሚስማር ይያዛል። ፀሐይ ላይ እንዳላወጣው አስጠነቀቀኝ፤ እርጥብ እንጨት በአንዴ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያላሰብኩት የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥናችንን ነበር። እርጥብ አሸዋ ላይ ቆሞ፣ ከላይም ዝናብ ወርዶበት፣ ታችኛው ጠርዙ እንደ እርጥብ ዳቦ አብጧል፤ ስጫነው በጥፍሬ ይፈርሳል። ኤምዲኤፍ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ ካበጠ ወዲያ ወደ ቦታው አይመለስም። አናጢው ያበጠውን ቆርጦ በጣውላ መቀመጫ ተካው። ፍሪጁን እስከ ማግስቱ ቆሞ ሳንሰካው አሳደርነው፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ፤ ደህና ሠራ።

ጥገናው ከነመስታወቱ 2,600 ብር ፈጀ። ለሾፌሩ ደረሰኙን አሳይቼ የያዝኩትን 2,000 ለጥገናው አዋልኩት፤ 600ውን እኔ ቻልኩ። ሸራ መኖሩን ሳልጠይቅ በሐምሌ መኪና የተከራየሁት እኔ ስለሆንኩ ያ ድርሻ የእኔ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

መስከረም ላይ ታናሽ እህቴ ቤት ስትቀይር ለሾፌሩ የሚላከውን መልእክት የጻፍኩላት እኔ ነኝ፦ «ጠዋት 1 ሰዓት። እስከ 2 ሰዓት ካልደረስክ ውሉ ይፈርሳል፣ ቀብዱ ይመለሳል። ካሶኒው ተጠርጎ፣ ሸራና ገመድ ይዘህ። መጫኑም ማውረዱም በአንተ ሰዎች፤ ለተሰበረው ተጠያቂ አንተ ነህ። ግማሹ ሲጫን፣ ግማሹ ዕቃው ገብቶ ከታየ በኋላ። ከተስማማህ እሺ ብለህ መልስልኝ።» እሺ ብሎ መለሰ። የሰፈሩን አውራጆችም ከዋዜማው ሄዳ አነጋግራ ነበር። በ1 ሰዓት ከ20 መጣ፤ እኔም መጥረጊያዬን ይዤ ደርሼ ነበር፣ ካሶኒው ግን ተጠርጓል።