አክተሩ ወደኖረበት ሰፈር

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት የካውቦይ ፊልም ስናይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «አክተሩ የቱ ነው?» ነበር። አክተሩ ከታወቀ ልባችን ያርፋል። አክተር አይሞትማ! ባለፈው ቅዳሜ፣ ያንን «አክተር» የምንለውን ሰው በካውቦይ ፊልም መጀመሪያ የፈጠረው ሰውዬ የሠራበት ሰፈር ሄድኩ።

ከምኖርበት ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ሩቅ አይደለም። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ቤቶች በአንዱ ፍርፍር በላሁና በባርት ባቡር ፍሪሞንት ወረድኩ። ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። የሰፈሩ ስም ናይልስ ነው። ለኛ ሰው ጆሮ አባይን አባይን ይላል፤ ስሙ የመጣው ግን ከአንድ ዳኛ ነው። ድሮ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። በ1956 ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር ተዋህዳ ፍሪሞንት ሆነች። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች ነው።) አንድ ዋና መንገድ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ ሱቆች፣ የባቡር ሐዲድ አላት። ከኋላዋ ሣሩ ደርቆ ወርቅ የመሰለ ኮረብታ አለ።

ሰውዬው ጊልበርት አንደርሰን ይባላል። የልደት ስሙ ማክስ አሮንሰን ነው፤ በ1880 ሊትል ሮክ፣ አርካንሳ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ዓለም የሚያውቀው ግን «ብሮንኮ ቢሊ» በሚለው ስሙ ነው። በ1903 በ«ታላቁ የባቡር ዝርፊያ» ውስጥ በርካታ ሚና ተጫውቷል። አንዱ ከሽፍቶቹ ለማምለጥ ሲሮጥ ተመትቶ የሚወድቀው ተሳፋሪ ነው። «ፈረስ እችላለሁ» ብሎ ገብቶ፣ ፈረሱ እንደጣለው ይነገራል።

በ1907 ቺካጎ ውስጥ ከጆርጅ ስፑር ጋር ኩባንያ አቋቋመ። የሁለቱ ስም መጀመሪያ ፊደላት በእንግሊዝኛ «ኤስ ኤንድ ኤይ» ተብለው ሲነበቡ «ኤሳናይ» ሆነ። አንደርሰን ግን ቺካጎ አልቀመጥ አለ። ለካውቦይ ፊልም እውነተኛ ተራራና እውነተኛ ፀሐይ ያስፈልጋል ብሎ፣ ቡድኑን ይዞ በምዕራቡ አገር ተንከራተተ። በ1912 ናይልስ ደረሰ። እዚህ ሸለቆ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ባቡር አለ፣ ፀሐይዋም አትሰስትም። ለባቡር ዝርፊያ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

እነዚህ ፊልሞች ርካሽ ነበሩ። አብዛኞቹ የአንድ ጥቅል ፊልም፣ ማለትም የሩብ ሰዓት ገደማ ናቸው። እንደ ዳቦ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚወጡት። እሱ ራሱ ይጽፋል፣ ያዘጋጃል፣ ይተውናል። ቢሊ ዛሬ ሸሪፍ ነው፣ በሚቀጥለው ሽፍታ። በአንዱ ቢሞትም በሌላው ተነስቶ ይመጣል። ማንም ቅር አይለውም፣ ሰዉ የሚመጣው ፊቱን ሊያይ ነዋ።

እኔን የሚገርመኝ የሽፍትነቱ ነገር ነው። «ሽፍታ» የሚለው ቃል ለኛ ወንበዴ ብቻ ማለት አይደለም። ሽፍታው ሕግ ቢጥስም ልቡ ያልጠፋ ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። ቢሊም እንደዚያ ነው። ማምለጥ ሲችል የታመመ ሰው ወይም ብቻውን የቀረ ሕፃን ያገኛል፤ ከዚያ እጁን እንደሚይዙት እያወቀ ይመለሳል። አንደርሰን ይህን ሰው ደጋግሞ ሠራው። ከሱ በኋላ ስንት ፊልም በዚሁ መንገድ ሄደ!

ናይልስ ውስጥ ቻርሊ ቻፕሊንም ሠርቷል። በሳምንት 1,250 ዶላር ተከፍሎት መጣና በ1915 አምስት ፊልም ያህል ሠርቶ ሄደ። ሰፈሩ አሁንም የሱን ሥዕል በየመስኮቱ ይለጥፋል። ደስ ይላል፤ ግን ቤቱን የሠራው ቢሊ ነው፣ ቻፕሊን እንግዳ ነበር።

በየካቲት 1916 የኤሳናይ የናይልስ ስቱዲዮ ተዘጋ። አንደርሰን ድርሻውን ሸጠ። ቆይቶ ጥቂት ኮሜዲዎችን አዘጋጀና ከፊልሙ ዓለም ራቀ። ሕንጻው በ1933 ፈረሰ። ለዓመታት ያስታወሰው ሰው አልነበረም። በ1958 የክብር ኦስካር ሲሰጡት 78 ዓመቱ ነበር። በ1971 በ90 ዓመቱ አረፈ።

ሁለተኛ መንገድ ላይ ለተዋንያኑ የተሠሩት ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። አንዷ በረንዳ ላይ የልጅ ብስክሌት ተደግፏል። ከፊታቸው ብዙ ቆምኩ። እነዚያ ሰዎች ጠዋት ከዚህ ወጥተው፣ ፈረስ ጭነው፣ ወደ ሸለቆው ሲሄዱ ታየኝ።

ማታ ሰፈሩ ውስጥ ያለው የድምፅ አልባ ፊልም ሙዚየም ገባሁ። በ1913 የተከፈተ ሲኒማ ቤት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፅ አልባ ፊልም ያሳያል። ፒያኖ ተጫዋቿ ጥግ ላይ ተቀምጣ ፊልሙን እያየች ትጫወታለች። መብራቱ ጠፋ። ቢሊ ታየ፣ አገጩ ሰፊ፣ ደረቱ ደንዳና። ከኋላው ያለው ኮረብታ ቀን ላይ ያየሁት ኮረብታ ነው፤ ጎባጣው እንኳ አልተለወጠም። ፊት ያለ አንድ ሕፃን እናቱን «ጥሩው እሱ ነው?» አላት። እናትየው አልመለሰችም። ቢሊ ጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ተመለከተ። ከዚያ ፈረሱን አዞረና ቁልቁለቱን ወደ መንደሩ ጋለበ፣ እየተፋጠነ፣ ኮርቻው ላይ እንደተተከለ።