ቦከን ግድግዳ ላይ አይደገፍም

ዛሬ ከአይኪዶ (የጃፓን ማርሻል አርት) ልምምድ በኋላ የቦከን፣ ማለትም የመለማመጃው የእንጨት ሰይፍ፣ ፍተሻ ነበር። አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ ከጫፍ እስከ እጀታ ይሳባል፤ የያዘበት ቦታ ስንጥር አለ። እዚያ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ400፣ ሁሌም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መፈግፈግ። አግድም ከተፈገፈገ ዘይት ሲነካው ጭረቱ ይጎላል።

ለተሰረጎደ ቦታ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ በጋለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ መንካት ነው፤ እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት መልሶ ያነሳዋል። ርዝመቱን ይዞ የሚሄድ ስንጥቅ ግን በቃ! ሙጫም ፕላስተርም አያድነውም፤ ስባሪው የሚበረው ወደ ጓደኛ ፊት ነው።

ዘይቱ የተልባ፣ ያውም ለእንጨት ሥራ የሚሸጠው፤ የሚበላው ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅበታል። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን መጥረግ፣ አንድ ቀን ማሳደር። ሳይጠረግ የቀረ ዘይት እጅ ላይ ይጣበቃል። (ቫርኒሽማ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ እኔ ፍቄ ነው የማነሳው።) ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ መጣል የለም፤ ሲደርቅ ይግላል፣ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥልም ይችላል። ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ።

ደግሞ እባካችሁ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አትተዉት፤ ይጎብጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም እንደዚያው።